ዶኩ ላይ የቆመው ካሜራ

ሀሩን ለፖሊስ የሰጠው ቃል እንዲህ ነበር፤

«ሰማዩ ሊነጋጋ ሲል ከሐይቁ ተነስቼ ሥራ ሄድኩ። ጋሽ ይገዙ ድንጋዮቹ ላይ ነበር። የካሜራውን ትራይፖድ እዚያው ድንጋዮቹ መሐል ተክሎ፣ ሸተሩን ከፍቶ ይጠብቅ ስለነበር ስሰናበተው አላናገረኝም። እጁን ብቻ አነሳልኝ። ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው ይምጣ አይምጣ አላውቅም።»

ባስልዮስ የሰጠው ቃል ደግሞ እንዲህ ነበር፤

«እኔ ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ከመኪናዬ ሳልወርድ አየኋቸው። ይገዙ የጀልባ ማሰሪያው ዶክ ጫፍ ላይ ካሜራውን ተክሎ ፎቶ እያነሳ ነበር። ሀሩን አጠገቡ ቆሞ ይጮህበታል። በሰው ጠብ መግባት ስላልፈለግሁ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።»

ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጀልባውን ሊያወርድ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ይገዙን ዳላስ አጠገብ ባለው ግሬፕቫይን ሐይቅ ዳር፣ ሸምበቆ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። ሐኪሞች ሳንባው ውስጥ ውሃ አገኙ፤ ውሃ ውስጥ የገባው ትንፋሹ ሳይወጣ ነው ማለት ነው። ካሜራው ግን ዶኩ ጫፍ ላይ በሦስት እግሩ ቀጥ ብሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ውሃውን ያያል።

የካሜራው ቦታ ከባስልዮስ ቃል ጋር ገጠመ። ስለዚህ ጉዳዩን የያዘው ዲቴክቲቭ ሀሩንን ለሰኞ ጠራው፤ ጠበቃ ይዞ እንዲመጣም መከረው።

ወይዘሮ የትምወርቅ ለቅሶ ቤት የደረሰችው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አገር ቤት የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ እዚህ ፈቃድ አውጥታ ሪቻርድሰን ውስጥ የግል ምርመራ ቢሮ ከፍታለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ሰው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላም ጥቂት ዝም ብላ የመጠበቅ ልማድ አላት። ብዙዎች ያንን ዝምታ መቋቋም ሲያቅታቸው ሊሉት ያላሰቡትን ይጨምራሉ።

ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። መቀመጫ ያጡ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሀሩን በተቀመጠበት ረድፍ ግን ከሱ በስተግራም በስተቀኝም ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

የሟቹ ሚስት እስከዳር ነጠላዋን እየጎተተች የትምወርቅን ወደ መኝታ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

«ወንበሮቹን አየሻቸው? ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ብቻ አጠገቡ አይቀመጡም።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ሀሩን ከይገዙ እጅ በልቷል፣ ፎቶ ማንሳት ከይገዙ ተምሯል። ግን ባስልዮስ ለምን ይዋሻል? እሱና ይገዙ አሥር ዓመት አብረው ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ጓደኞች ናቸው።»

«ሀሩን ቢከሰስ ምን ይሆናል?»

«ሚስቱ አገር ቤት የቪዛ ቀጠሮ ይዛለች። እሱ ከታሰረ እሷም ቀረች፣ ልጁም ቀረ። ልጁን እኮ ገና በዓይኑ አላየውም።» እስከዳር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ገድሎት ከሆነ ይፈረድበት። ካልሆነ ግን በባሌ ሞት ሀሩን እንዲጠፋ አልፈልግም። ከሰኞ በፊት እውነቱን ንገሪኝ።»

«አንቺ ያን ጠዋት የት ነበርሽ?»

እስከዳር አልተቆጣችም። «እዚህ አልጋ ላይ። ብቻዬን። ምስክር የለኝም። ሲወጣ ደግሞ ምን እንዳልኩት ልንገርሽ? ‹ሁልጊዜ ውሃ፣ ውሃ! እንግዲህ ውሃው ይውሰድህ› አልኩት።»

የትምወርቅ ዝም ብላ ጠበቀች። እስከዳር ግን የጨመረችው ነገር የለም፤ ተነስታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላፕቶፕ ከፈተች።

«ካሜራው ያነሳውን ሁሉ ወዲያው እዚህ ይልካል። የመጨረሻው ይሄ ነው።»

ፎቶው ላይ ውሃና ማዶ ብቻ ነው የሚታየው። ድንጋይም ሳንቃም የለበትም። ሐይቁ ማዕበል አያውቅም የተባለ ይመስል ነጭ ጭጋግ ሆኗል። ማዶ ያሉት መብራቶች ግን በመርፌ እንደተወጉ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

«ይህን ላኪልኝ» አለች የትምወርቅ።

*

ሐይቁ ድረስ የነዳላት ሀሩን ነው። የአየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ነጂ ስለሆነ መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል። ከመኪናው ሲወርዱ አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያቸው አለፈና ጥላውን ውሃው ላይ ጎተተ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ሸምበቆው ውስጥ የፖሊስ ቢጫ ፕላስቲክ ተቀዶ ይርገበገባል።

ቦታው ጠባብ ነው። ውሃው ዳር የተቆለሉ ትልልቅ ድንጋዮች አሉ፤ ከነሱ ጎን ዶኩ ይጀምራል። ዶኩ ባዶ በርሜሎች ላይ የተነጠፈ ሳንቃ ነው። የትምወርቅ አንድ እግሯን ስታሳርፍበት ሳንቃው ሰመጥ ብሎ ተነሳ። ገመዱን ያዘች።

«ቀስ በይ እትዬ፣ እንዳትወድቂ! ሶ፣ እኔ እዚያ ፓርክ አደረግሁ። ጋሽ ይገዙ ደግሞ እዚህ፣ ይቺ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነበር።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ከሱ ጋር ማን ይጣላል? ሸተር ከከፈተ እኮ ብታስነጥሺ ራሱ ይቆጣሻል።» ሊስቅ ጀመረና ተወው። «እንዲያውም ልምምድ ላይ ነበርን። በመጪው ወር ጋልቬስተን ባሕሩ ጋ ልንሄድ ነበር፤ ማለቴ እንደ አምናው። እስከዚያ እዚህ ሐይቁ ላይ ነው የሚያሠራን።»

«ያን ጠዋት የነገረህ ነገር አለ?»

«ከግሩፓችን የፎቶ ኤግዚቢሽን አንድ ፎቶ አወርዳለሁ አለኝ። ‹ሰው ቆሞ ያልጠበቀውን ፎቶ አልሰቅልም› አለ። የኔ መስሎኝ ደነገጥኩ። የማን ነው ብዬ ብጠይቀው አልነገረኝም። አዝኖ ነበር።»

የትምወርቅ ድንጋዩን ጎንበስ ብላ አየችው። ከታች በኩል አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል፤ ያሙለጨልጫል። ፖሊሶች ሁሉን ነገር የፈለጉት ዶኩ ላይ ነበር። ድንጋዮቹን ግን ሐሙስ ማታ የጣለው ዝናብ አጥቧቸዋል።

*

ናኦሚ አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እግሯን አጣጥፋ ጠበቀቻት። እዚሁ ዳላስ ተወልዳ ያደገች የሃያ ዓመት ልጅ ናት።

«እትዬ፣ እኔ ተጠርጣሪ ነኝ፣ ራይት? ግሩፕ ቻቱ ላይ ‹ጋሽ ይገዙን እገድለዋለሁ› ብዬ ጻፍኩ። ጆክ ነው! ዲቴክቲቩ ግን አልሳቀም።»

«ለምን ጻፍሽ?»

«በፊቱ ማታ ለኔም አንድ ፎቶ አወርዳለሁ ብሎኝ ነበር፣ የኔ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ መጠበቅ አልወድም፣ ሁሌ ይቆጣኛል። ያን ቀን ግን ከሩምሜቴ ጋር ነበርኩ። ተኝተን። እሷ ኮንፈርም አድርጋለች።»

«ይህ ሥራ እንዴት እንደሆነ አስረጂኝ። ምንም እንደማያውቅ ሰው።»

ናኦሚ በእጆቿ አየሩ ላይ ሣጥን ሠራች። «ብርሃን ትንሽ ነው። ሶ ሸተሩን ረጅም ጊዜ ክፍት ትተዪዋለሽ። ውሃው ይንቀሳቀሳል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ጭጋግ ይሆናል። ሰው ካሜራው ፊት ቢሄድ አይታይም፣ ይጠፋል። የቆመ ነገር ብቻ ነው የሚቀር። ትንሽ ክሪፒ ነው።»

የትምወርቅ ስልኳን አውጥታ የይገዙን የመጨረሻ ፎቶ አሳየቻት። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«በጣም ሻርፕ ነው፣ ጥርት ያለ። ድንጋዩ ላይ ነው ያነሳው።»

«በምን አወቅሽ? ካሜራው የተገኘው ዶኩ ላይ ነው።»

«ዶኩ ላይ? ኖ ዌይ! ዶኩ ይዋኛል እኮ! ካሜራው አብሮ ይዋኛል፣ መብራቶቹ ሁሉ ትል ይሆናሉ። ይሄ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው። እኔ አንድ ቀን ዶኩ ላይ ተክዬ ጋሽ ይገዙ ‹መርከበኛዋ› ብሎ ስም አወጣልኝ። እስከ አሁን ሀሩን እንደዚያ ነው የሚጠራኝ።»

የትምወርቅ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሬዲዮዋን አልከፈተችም። ይገዙ ካሜራውን እዚያ አልተከለም። ዶኩ ላይ ያቆመው ሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት አያውቅም። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ካሜራ ነክታ የማታውቅ አንዲት ሴት ብቻ አለች። ምስክር የላትም። ውሃው ይውሰድህ ብላዋለች። ምርመራውን ያዘዘችውም ራሷ ናት።

*

ባስልዮስ በአንድ የሪቻርድሰን የቴሌኮም ኩባንያ ውስጥ ኃላፊ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በነጭ ሸሚዝ በሩን ከፈተላት። ሚስቱ ሳሮን ሻይ አቀረበችና ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ለመነሳት እንደተዘጋጀች ሆና ተቀመጠች።

ሳሎኑን የሞላው አንድ ትልቅ ፎቶ ነው። ምሽት ላይ ያለ ባሕር ነው፤ ውሃው እንደ ደመና ነጭ ሆኖ የአሮጌ ድልድይ ጥቁር ምሰሶዎችን ከቧል። ከምሰሶዎቹ በላይ አንዲት የባሕር ወፍ ክንፏን ዘርግታለች፤ ላባዋ ይቆጠራል።

«ጋልቬስተን ነው፣ አምና» አለ ባስልዮስ ዓይኗን ተከትሎ። «ውድድር ያሸነፈው ይህ ነው። አንድ ኮሌጅም በመጪው መንፈቅ ፎቶግራፍ እንዳስተምር የጠራኝ በሱ ነው።»

«ደስ ይላል። ብዙ ጠብቀው ይሆናል።»

«አምስት ደቂቃ ያህል። እጅ የሚያደነዝዝ ብርድ ነበር።»

«ወፏም ታምራለች።»

«ትዕግሥት ላለው ሰው ዕድል ይጨመርለታል፣ ወይዘሮ የትምወርቅ።»

«ያን ጠዋት እነሱን ሲያዩ ይገዙ ምን ያደርግ ነበር?»

«ለፖሊስ ተናግሬያለሁ። ዶኩ ላይ ፎቶ ያነሳ ነበር። ሸተሩን ከፍቶ ነበር፤ የካሜራው ትንሿ ቀይ መብራት ከሩቅ ትታያለች።»

«ቦታው ለፎቶ ይመቻል?»

«ከሁሉ የተሻለ ነው። ውሃው መሐል ይገባሉ፣ ፊትዎን የሚጋርድ ነገር የለም። እኔም ሁሌ እዚያ ነው የምቆመው።»

የትምወርቅ ሻይዋን ቀመሰችና ወደ ሳሮን ዞረች። «የኔ እመቤት፣ አቶ ባስልዮስ ሲመለሱ ነቅተሽ ነበር?»

«አዎ። ፀሐይ ሳትወጣ ነው የገባው።»

የትምወርቅ ዝም አለች። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል።

«ልብሱም ደረቅ ነበር» አለች ሳሮን።

ስለ ልብስ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ባስልዮስ ወደ ሚስቱ አልዞረም፤ ጉልበቱ ላይ ያረፈው እጁ ግን ተጨበጠ።

*

ያን ዕለት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሉም ሐይቁ ዳር ተሰበሰቡ። የጠራቻቸው እስከዳር ናት፤ ባሏ የሞተበት ቦታ ላይ አብረዋት እንዲቆሙ ፈልጋ ነው የመሰላቸው። ሀሩን ከሁሉም ፈንጠር ብሎ ቆሟል። ውሃው ግራጫ ነው። ማዶ ያሉት መብራቶች አንድ በአንድ እየበሩ ነው።

ናኦሚ፣ የትምወርቅ በነገረቻት መሠረት፣ ሁለት ካሜራ ተክላለች፤ አንዱን ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ፣ ሌላውን ዶኩ ጫፍ ላይ። ሁለቱንም ሸተር ከፍታ ዶኩን ለቀቀች። ማንም አልተነቃነቀም። ሸተሮቹ ሲዘጉ ናኦሚ ሁለቱን ፎቶዎች ታብሌቷ ላይ ጎን ለጎን አሳየቻቸው። ከድንጋዩ የተነሳው ላይ መብራቶቹ ነጠብጣብ ናቸው። ከዶኩ የተነሳው ላይ እንደ ትል ተጠማዘዋል።

«ዶኩ ላይ ሰው አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ ይህን ያህል ተወዛውዟል» አለች የትምወርቅ። «ይህ ደግሞ ይገዙ ሊሞት ሲል ያነሳው ነው።» ሦስተኛውን ከፈተች። «ነጠብጣብ ነው። ስለዚህ ይገዙ የነበረው ድንጋዩ ላይ ነው፤ ሀሩን እንዳለው።»

«ከዚያ በኋላ ወደ ዶኩ ተዛውሯል» አለ ባስልዮስ በእርጋታ። «እኔ ያየሁት ያኔ ነው።»

«ሸተሩን ከፍቶ ነበር ብለውኛል። ቀይዋን መብራት አይተዋል። ካሜራው ያነሳውን ሁሉ ወደ ቤት ይልካል፤ ዶኩ ላይ የተነሳ ፎቶ ግን የለም። የታለ?»

«ምናልባት ሊያነሳ ሲል ይሆናል። ጨለማ ነበር።»

«ለሀሩን ጥፋት ሲሆን ብርሃን ነበር፣ አሁን ጨለመ?»

ሀሩን ቀና አለ። የትምወርቅ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«ካሜራውን ዶኩ ላይ የወሰደው ይገዙ ተንሸራቶ ውሃ ውስጥ እንደገባ ለማስመሰል የፈለገ ሰው ነው። ሀሩን ቢሆን ድንጋዩ ላይ ይተወው ነበር፤ ዶኩ ለምን እንደማይሆን ያውቃል። ናኦሚም ታውቃለች፤ ስም ወጥቶላታል።»

«መርከበኛዋ» አለች ናኦሚ በቀጭን ድምፅ።

«እኔስ?» አለች እስከዳር። «እኔ ስለ ካሜራ ምንም አላውቅም። በይ፣ አትሸፋፍኚው።»

«አንቺን ሌሊቱን ሙሉ ጠርጥሬሻለሁ። ግን ይህን የመጨረሻ ፎቶ በእጅሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ደግሞ ይገዙ ዶኩ ላይ ነበር የሚሉ ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ የትራይፖዱ እግርና የአቶ ባስልዮስ አፍ። አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላውም ውሸት ነው። ሁለቱም ከአንድ ሰው ነው የመጡት።»

ባስልዮስ ሳቀ። «እኔ? የተሸለምኩ ፎቶ አንሺ ነኝ። ልጆቹ የሚያውቁትን እኔ አላውቅም?»

«ያስጨነቀኝ እሱ ነበር፤ ሳሎንዎ እስክገባ ድረስ። ናኦሚ፣ ሸተር አምስት ደቂቃ ክፍት ሆኖ ወፍ ቢያልፍ ፎቶው ላይ ምን ይሆናል?»

«ይጠፋል። ምንም አይታ…» ናኦሚ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኦ ማይ ጋድ። የጋልቬስተኑ ወፍ።»

«ላባዋ ይቆጠራል። ያ ፎቶ በቅጽበት የተነሳ ነው፤ ባሕሩን ጭጋግ ያደረገው ኮምፒውተር ነው። አቶ ባስልዮስ ሸተር ከፍተው ጠብቀው አያውቁም። ስለዚህ ዶኩ ከሁሉ የተሻለ ቦታ መሰላቸው። ይገዙም ወፏን አየ። ሰው ቆሞ ያልጠበቀውን ፎቶ አልሰቅልም ያለው ስለ ናኦሚም ስለ ሀሩንም ፎቶ አልነበረም።»

ከላያቸው አውሮፕላን አለፈ።

«ወፍ!» አለ ባስልዮስ፤ አክብሮቱ ከአፉ ወርዷል። «ለዲቴክቲቩ ወፍ ይዘሽለት ልትሄጂ ነው? እኔ ቤቴ ነበርኩ። ምስክር አለኝ። ሳሮን፣ ንገሪያቸው።»

«እውነቱን ነው» አለች የትምወርቅ። «ይህ ሁሉ ሀሩንን ሊያድነው ይችላል፤ ላያድነውም ይችላል።» ከዚያም እንደ ልማዷ ዝም አለች።

ሳሮን ባሏን አላየችም። የምታየው ሀሩንን ነው።

«ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት ሊሞላው ነው።»

«መራመድ ጀመረ?»

«ሲራመድ በስልክ አይቻለሁ።»

ሳሮን የኮቷን ቁልፍ ያዘች፣ ለቀቀች። «ፀሐይ ወጥታ ነበር» አለች። «ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር። ‹ፎቶውን አውርድ አለኝ፣ ኮሌጁም ይወቅ አለኝ፣ ሳላስበው ገፋሁት፣ ድንጋዩ መታው› ብሎ አለቀሰ። ጎትቶ ውሃው ውስጥ እንደከተተውም ነገረኝ። ልብሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«ሳሮን! አብደሻል? ቤታችንን ነው የምታፈርሺው!»

«ሲጎትተው በሕይወት ነበር» አለች እስከዳር። «ያውቅ ነበር?»

«አልጠየቅሁትም» አለች ሳሮን። «እፈራ ነበር።»

ባስልዮስ ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ሀሩን አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዶ በመካከላቸው ቆመ። ባስልዮስ እጁን መለሰ።

ሳሮን የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች። ቁልፉን ወደ ሀሩን ዘረጋች።

«ሰኞን አልጠብቅም» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ፖሊስ ጣቢያ አሁን እሄዳለሁ። የዋሸሁትንም፣ ያጠብኩትንም እናገራለሁ። ሀሩን፣ እንካ ያዝ፤ አንተ ንዳ።»